ወጌሻና ሐኪም፦ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ሕክምና ታሪክ ከጉራጌ ምድር ሲታይ

ጉብሬ ዛሬ ስሟ የሚነሳው በአብዛኛው በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመው ከወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ጋር ነው። ከወልቂጤ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወጣ ብላ፣ በእንሰት በተከበቡ መንደሮች መካከል የምትገኘው ይህች አነስተኛ ከተማ የሕክምናና የጤና ሳይንስ ተማሪዎች የሚሠለጥኑባት ሆናለች። ይሁን እንጂ በዙሪያዋ አጥንቱ የተሰበረ ወይም መገጣጠሚያው የወለቀ ሰው በቅድሚያ ወዴት እንደሚወሰድ ለጠየቀ፣ በብዙ ቤት የሚሰጠው መልስ ዛሬም “ወጌሻ ዘንድ” የሚል ነው።

የወጌሻ ሙያ በቤተሰብ ውስጥ በማየትና በመሥራት የሚተላለፍ ነው። ወጌሻው የተጎዳውን አካል በእጁ ዳስሶ ስብራቱን ይለያል፤ ስቦ ያቃናል፤ በቅቤ ያሻል፤ ከዚያም ከቀርከሃ ወይም ከእንጨት በተሰነጠረ መደገፊያ ዙሪያውን አጥሮ በጨርቅና በገመድ ያስራል። በጉራጌ በዚህ ላይ እንሰት ይጨመራል። ጓርየ እና አስታራ የተባሉት የእንሰት ዓይነቶች ለስብራት ይበጃሉ ተብለው በጓሮ ይጠበቃሉ፤ አሚቾአቸውም ተቀቅሎ አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ይቀርባል። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ ሕዝቡን ከእንሰት ባህል ነጥሎ ማየት እንደማይቻል አሳይቷል፤ የስብራት ሕክምናውም ከዚሁ ባህል የወጣ ነው። አሚቾ ኃይል ሰጪ ቢሆንም የፕሮቲን ይዘቱ አነስተኛ ስለሆነ፣ ከአይብ ወይም ከሥጋ ጋር እንዲበላ የሚመክር የጤና ባለሙያ ባህሉን ሳይነካ ታማሚውን ይጠቅማል።

የወጌሻ ዝና መሠረት የሌለው አይደለም። ቆዳን ያልቀደዱና ብዙ ያልተዛነፉ ስብራቶች፣ በተለይም የሕፃናት፣ ከመንቀሳቀስ እስከተገቱ ድረስ በአብዛኛው በራሳቸው ይገጥማሉ። የትከሻ ውልቃትን በጊዜው የሚመልሱ ወጌሾችም አሉ። በቅርብ መገኘታቸውና ክፍያቸው ለገበሬው የሚቀል መሆኑ ሲታከልበት፣ ሕዝቡ ለምን እንደሚመርጣቸው መረዳት አያስቸግርም።

ችግሩ ያለው በእስሩ ላይ ነው። የተሰበረ አካል በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ያብጣል። በጠባብ ተጠፍሮ የታሰረ እጅ ወይም እግር ለእብጠቱ ቦታ ስለማይኖረው በጡንቻዎች ክፍል ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ደቃቅ የደም ሥሮች ይታፈናሉ፤ ጡንቻው ስድስት ሰዓት ገደማ ደም ካጣ መሞት ይጀምራል። ቀዳሚው ምልክት ከጉዳቱ መጠን በላይ የሆነ ሕመምና ጣቶቹን ሌላ ሰው ሲዘረጋቸው የሚብስ ሥቃይ ነው። የልብ ትርታ እጅ ላይ መገኘቱ ማረጋገጫ አይሆንም። ሕፃኑ ሲያለቅስ “አጥንቱ እየገጠመ ነው” ተብሎ እስሩ ሳይፈታ ከቆየ፣ ቤተሰቡ ወደ ሆስፒታል የሚደርሰው ጣቶቹ ከጠቆሩ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ለሐኪሙ የሚቀረው መቁረጥ ብቻ ይሆናል። መንደሩ የሚያየውም ይህንኑ ነው፦ ልጁ ሆስፒታል ገባ፣ እጁን አጥቶ ወጣ። ቀጣዩ ስብራት የደረሰበት ቤተሰብም “ሐኪም ቤት ይቆርጡታል” ብሎ ወደ ወጌሻው ይሄዳል። ፍርሃቱ ራሱ የሚፈራውን ያመጣል።

ለዚህ ጉዳት ወጌሻን ብቻ ተጠያቂ የሚያደርግ ሐኪም ግን የራሱን ሙያ ታሪክ የዘነጋ ነው። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ሪቻርድ ፎን ቮልክማን እ.ኤ.አ. በ1881 ዛሬ በስሙ የሚጠራውን የእጅ መኮማተር ሲገልጽ፣ መንስኤው በጣም ጠብቆ የታሰረ ፋሻ መሆኑን አስረድቷል። ፋሻዎቹን ያሠሩት ሐኪሞች ነበሩ።

የእንግሊዝ ታሪክም እንዲሁ ያስተምራል። በዚያ አገር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪሞች ወጌሾችን ይንቁ ነበር፤ ሰር ጄምስ ፓጄት ግን እ.ኤ.አ. በ1867 ወጌሾች ስለሚያድኗቸው ሕመሞች ባሳተመው ትምህርት ባልደረቦቹ የሚጠቅመውን ከእነርሱ እንዲወስዱ አሳሰበ። ከአራት ዓመት በኋላ ዶክተር ዋርተን ሁድ፣ ሪቻርድ ሃተን ከተባለ ወጌሻ የተማረውን ጥበብ ለሐኪሞች በጽሑፍ አወጣ። በሊቨርፑል የሠራው ሂዩ ኦወን ቶማስ ደግሞ ከዌልስ የወጌሻ ቤተሰብ የተወለደ ሐኪም ነበር። እርሱ የሠራው የጭን መደገፊያ በሚስቱ በኩል ዘመዱ በሆነው በሰር ሮበርት ጆንስ አማካይነት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲሠራጭ፣ በጭን አጥንት ስብራት የሚሞቱት ወታደሮች ቁጥር ከ80 በመቶ ወደ 16 በመቶ ገደማ እንደወረደ በተደጋጋሚ ይጠቀሳል። የዘመናዊው የአጥንት ሕክምና አንዱ ሥር ከወጌሻ ቤት ነው ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ዶክተር መኮንን እሸቴ እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ የአጥንትና መገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ትልቅ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። ለወጌሾች የአንድ ቀን ትምህርት ከተሰጠ በኋላ በጋንግሪን ምክንያት የሚቆረጡ እጆችና እግሮች ቁጥር በእጅጉ ቀንሶ ተገኝቷል። አንድ ቀን ብቻ! ውድ መሣሪያ አላስፈለገም።

ከጉብሬ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘውና ሜዲካል ሚሽን ሲስተርስ የተባሉት መነኮሳት እ.ኤ.አ. በ1969 ያቋቋሙት የአጣጥ ሆስፒታል፣ በሌላ ዘርፍ ተመሳሳይ መንገድ ተከትሏል። ለአደጋ የተጋለጡ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሳይደርስ መጥተው በሆስፒታሉ ግቢ የሚቆዩበትን ማረፊያ አዘጋጀ። ከ1987 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ያለውን ጊዜ የሸፈነው ጥናት እንደሚያሳየው፣ በማረፊያው በኩል ከገቡት 6,805 እናቶች መካከል ሞት ከ100,000 ወላዶች 90 ያህል ሲሆን፣ በቀጥታ ከመጡት 17,343 መካከል ግን ከ1,300 በላይ ነበር። በቀጥታ የመጡት ብዙዎቹ ምጥ ከጠናባቸው በኋላ የደረሱ መሆናቸው ልዩነቱን እንደሚያሰፋው አይካድም። ቢሆንም ቁልፉ ጊዜ መሆኑን ያሳያል፤ ለታሰረ እጅም ቁልፉ ጊዜ ነው።

ቀዶ ሕክምናው በበኩሉ ብዙ ተራምዷል። እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ እ.ኤ.አ. በ1962 መልክ ያስያዘው የዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ ዛሬ በአዲስ አበባ በተወሰኑ ሆስፒታሎች ይሠራል። ለጉራጌ ገበሬ ይበልጥ የቀረበው ግን፣ ያለ ኤክስሬይ ቴሌቪዥን እንዲገባ ሆኖ የተሠራውና ሳይን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ለታዳጊ አገሮች በነጻ የሚያቀርበው የአጥንት ውስጥ ዘንግ ነው፤ ጥቁር አንበሳን ጨምሮ በአገራችን ሆስፒታሎች ጥቅም ላይ ውሏል።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለው የተሐድሶ ሥራ ግን ወደ ኋላ ቀርቷል። ጉልበቱ ወይም ክርኑ የተሠራለት ሰው ወደ መንደሩ ሲመለስ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በአቅራቢያው አያገኝም፤ የሚያገኘው ወጌሻውን ነው። እርሱም እንደ ልማዱ ያሻዋል። የተጎዳ ክርንን አጥብቆ ማሸት በጡንቻው ውስጥ አጥንት እንዲያድግ ሊያደርግ ይችላል። ትኩሳት ያለበትና በድንገት ያበጠ የሕፃን መገጣጠሚያ መግል የቋጠረ ሊሆን ስለሚችል፣ ማሸት ሳይሆን በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልገዋል። በአንጻሩ ታማሚው ራሱ በየቀኑ ጉልበቱን እንዲያጥፍና እንዲዘረጋ ማበረታታት ወጌሻው በቀላሉ ሊማረው የሚችል ሥራ ነው። እስሩ ከታሰረ በኋላ ጣቶቹን በየሰዓቱ ማየት፣ ሕመሙ ከባሰ ሳይውል ሳያድር መፍታት፣ ቆዳው የተቀደደ ስብራትን ጨርሶ አለመንካትም እንዲሁ።