ጋኑን በምን አጠንከው?

የመጀመሪያ ጠላዬ ኮምጣጤ ሆነ። አዲስ አበባ፣ ተከራይቼ በምኖርባት አንድ ክፍል ቤት፣ በሃያ ሊትር የፕላስቲክ ባልዲ ነበር የጠመቅኩት። ጌሾ ገዛሁ፣ ብቅል ገዛሁ፣ ከኢንተርኔት ያገኘሁትን አሠራር ደረጃ በደረጃ ተከተልኩ። በስምንተኛው ቀን ክዳኑን ስከፍተው ሽታው ዓይኔን አስነባኝ። መካነ ሰላም ላለችው አያቴ ደወልኩ። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ጋኑን በምን አጠንከው?»

ጋን የለኝም። ያጠንኩትም ነገር የለም። የተከተልኩት አሠራር ስለ ማጠን አንድ ቃል አልነበረውም። ታዲያ ጠላን የጻፉ ሰዎች ሌላስ ምን ትተዋል ብዬ የድሮ መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርኩ።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከ1769 እስከ 1771 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር። በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለ ጤፍ ሲጽፍ የአገሬውን መጠጥ አሠራርም ያነሳል፤ «ቡዛ» ነው የሚለው። በደንብ የበሰለ የጤፍ ቂጣ ይፈረፈራል፣ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ገብቶ ሙቅ ውሃ ይፈስበታል፣ እሳት አጠገብ ሆኖ ለቀናት እየተማሰለ ይቆያል፣ ከዚያ እንዲረጋ ይተዋል። አለቀ። ሳነበው የራሴን ባልዲ ያየሁ መሰለኝ። ብሩስ ያየውን ጽፏል። ማሰሮዋ ከዚያ ቀን በፊት ምን እንደተደረገች ግን አልጻፈም። ቂጣውን የጋገረችው፣ ሌሊት እየተነሳች ያማሰለችው ሴትም ስም የላትም።

አያቴ በስልክ የነገረችኝ አሠራር የሚጀምረው ከማሰሮው ነው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይታሻል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ በወይራ ጭስ ላይ ይደፋል። ጭሱ የሚያኮመጥጠውን ተባይ ይቀንሳል፤ መዓዛም ይሰጣል። ቀጥሎ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ይሄ ጥንስሱ ነው። ከቀናት በኋላ የተፈረፈረ ቂጣና የብቅል ዱቄት ይገባበትና ድፍድፍ ይሆናል። ከዚያ ምጣድ ላይ እስኪጠቁር የታመሰው እንኩሮ ይጨመራል፤ የጠላው ቀለም ከእሱ ነው የሚመጣው። በመጨረሻ ውሃ ይሞላና አፉ ይታሸጋል። ብቅሉ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል፣ ጌሾው ያመርራል፣ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ይቀይራል። እርሾ ግን ለብቻው ተገዝቶ አይገባም። ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከዕቃው ጋር ነው የሚመጣው።

ይሄን «ኋላ ቀር» ለማለት የሚቸኩል ካለ አውሮፓን ይመልከት። በ1516 የወጣው የባቫሪያ የቢራ ሕግ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውሃ ብቻ ይሠራ ይላል። እርሾን አይጠቅስም። ሉዊ ፓስተር ስለ ቢራ የጻፈውን ትልቅ ጥናት ያሳተመው በ1876 ነው። እነሱም ለዘመናት የጠመቁት በእጅ ልምድ ነበር ማለት ነው። ልዩነቱ እነሱ በኋላ ቁጭ ብለው ጻፉት፤ እኛ ጠጣነው።

እዚህ ላይ መቅደላ ትዝ ትለኛለች። አያቴ ካለችበት ሩቅ አይደለችም፣ እዚያው ደቡብ ወሎ ናት። በ1860 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 5 ቀን ነበር። አፄ ቴዎድሮስ በዚያ ቀን ለጄኔራል ናፒየር የበዓል ላምና በግ ላኩ። በማግስቱ አምባው ተሰበረ፣ ንጉሡም ራሳቸውን ገደሉ። ከዚያ ዝርፊያው መጣ፦ የወርቅ ጽዋ፣ ዘውድ፣ ታቦት፣ የብራና መጻሕፍት። ጭነቱን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ እንዳስፈለገ ይነገራል። ወደ 350 የሚጠጉ ብራናዎች ለንደን ገቡ።

ጋን የጫነ ግን አልነበረም። ለሠራዊቱ እህል የሚፈጩት፣ ጠላ የሚጠምቁት ሴቶች እውቀታቸውን በእጃቸው ይዘው ከአምባው ወረዱ። ብራናው ዛሬ ለንደን ውስጥ ተቆጥሮ፣ ቁጥር ተሰጥቶት ተቀምጧል። «መልሱልን» ማለት ይቻላል። የጋኑን እውቀት ማንም አልሰረቀንም፤ ከጠፋ የሚጠፋው ባለመጠየቃችን ነው። መልሱ የምንለውም ሰው አይኖርም።

የሚጠፋው ደግሞ ጠላ ብቻ አይደለም። ወሎ ውስጥ ድግስ ሲደገስ ለሙስሊሙ ጎረቤት ብርዝ ወይ ቀሪቦ ይዘጋጃል። የማን ዕቃ ከማን እንደሚለይ፣ ለማን ምን እንደሚቀዳ የምታውቀው ያቺው ጠማቂ ናት። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቋቋመ፤ ዛሬ ኮምቦልቻም ፋብሪካ አላት። ሠርግ ላይ ሳጥን መደርደር ይቀላል፤ እኔም ደርድሬ አውቃለሁ። ቢራ ጠላቴ አይደለም። ግን ሳጥን ማንንም አያስተምርም።

ሁለተኛውን ጠላ ለመጥመቅ መካነ ሰላም ሄድኩ። አያቴ አሁን ጋን ማንሳት አትችልም። በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታዘኛለች፣ እኔ እደፋለሁ፣ እገለብጣለሁ። ጎረቤቶች ወንድ ልጅ ጋን ሲያጥን አይተው ሳቁ። «ስንት ደቂቃ ላጥነው?» አልኳት፣ ስልኬን ይዤ ልጽፍ። «የምን ደቂቃ? እጅህን ክተትና ሽተተው» አለች። ከተትኩ። ገና ነው አለች። እንደገና ከተትኩ። ሦስተኛው ላይ ራሷን ነቀነቀች።

የዚያን ጊዜ ሽታ መጻፍ አልቻልኩም፤ ብሩስን ትንሽ ይቅር አልኩት። ጠላው ሲደርስ ጉሹን ቀድቼ ሰጠኋት። ቀመሰች፣ ዝም አለች፣ ደግማ ቀመሰች።

«ቅራሪ ይመስላል» አለች። «ግን ይጠጣል።»