ድራኩላና የመንዝ ቡዳ፦ ጭራቁን የፈጠረው ማን ነው?

አየርላንዳዊው ደራሲ ብራም ስቶከር «ድራኩላ» የተሰኘውን ልብ ወለዱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1897፣ ከዓድዋ ድል አንድ ዓመት በኋላ ነበር። ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው፦ ደም መጣጩ ባላባት ከትራንሲልቫኒያ ተራሮች ተነሥቶ፣ በሕግ ባለሙያ አማካይነት ለንደን አጠገብ ቤትና ቦታ ገዝቶ፣ በእንግሊዞች መካከል ሊኖር ይመጣል። ሐያሲው ስቲቨን አራታ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ጥናት እንዳመለከተው፣ መጽሐፉ የቅኝ ገዥው ኅብረተሰብ ቅዠት ነው። የሰው አገር የያዘው ሕዝብ፣ አንድ ቀን ባዕድ መጥቶ የእርሱን አገር እንዳይይዝበት ይሰጋ ነበር።

ይህንን መጽሐፍ ቢቢሲና ኔትፍሊክስ በጥር 2020 (እ.ኤ.አ.) በሦስት ክፍል የቴሌቪዥን ድራማ አድርገው አቀረቡት። ጸሐፊዎቹ ማርክ ጌቲስና ስቲቨን ሞፋት፣ ዋናው ተዋናይ ደግሞ ዴንማርካዊው ክላስ ባንግ ናቸው። የመጀመሪያው ክፍል ተስፋ የሚጣልበት ነበር። በሦስተኛው ክፍል ግን ድራኩላ ከ123 ዓመት በኋላ ከባሕር ወጥቶ ዘመናዊት እንግሊዝ ውስጥ ይገባል፤ ጠበቃ ይቀጥራል፤ ይቀልዳል። በመጨረሻም ምስጢሩ ተብሎ የሚነገረን ነገር ሞትን ስለሚፈራና በፍርሃቱም ስለሚያፍር መስቀልንና ፀሐይን ይሸሽ ነበር የሚል ነው።

እኔን ቅር ያሰኘኝ ቀልዱ አይደለም። የፍርሃቱ ምንጭ በፈሪዎቹ ዘንድ መፈለግ ሲገባው በጭራቁ ልብ ውስጥ መፈለጉ ነው። ስቶከር አውቆም ይሁን ሳያውቅ የጻፈው የለንደንን ፍርሃት ነበር። ድራማው ለንደንን ነፃ አውጥቶ ድራኩላን ብቻ ሐኪም ፊት አስቀመጠው።

ይህ የባሕር ማዶ ጉዳይ ለእኛ ምናችን ነው ይባል ይሆናል። እኛም ግን ተመሳሳይ ታሪክ አለን፤ ልዩነቱ የእኛው በሕይወት ባለ ሰው ላይ መተረኩ ነው። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ቡዳ በዓይኑ ይበላል፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል፤ የበላውን ሰው ከመቃብር አውጥቶ ባሪያው ያደርገዋል ይባላል። ድራኩላም ተኩላ ይሆናል፤ ከመቃብር ይነሣል። የሁለቱ መከላከያ እንኳ አንድ ነው፦ ነጭ ሽንኩርት።

ለመሆኑ ቡዳ የተባለው ማን ነበር? ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው። ገበሬው የሚያርስበት ማረሻ የጠይቡ እጅ ሥራ ነው፤ እንጀራው የሚጋገርበት ምጣድ፣ ውሃው የሚቀዳበት እንስራ የሸክላ ሠሪዋ ነው። ያለ እነርሱ አንድ ክረምት የማይዘልቅ ኅብረተሰብ ከእነርሱ ጋር አይጋባም ነበር፤ ልጁንም ከዓይናቸው ይሸሽግ ነበር።

አሜሪካዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪ ሮናልድ ሬሚኒክ በመንዝ ያካሄደውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1974 አሳትሟል። እንደ እርሱ ገለጻ፣ ባለ ርስቱ ጨዋ ቡዳ የሚለው ርስት የሌለውን ባለ እጅ ነው። ቁም ነገሩ ያለው ከዚህ ቀጥሎ በሰጠው ትንታኔ ነው። በመንዝ የርስት ክፍፍል ወንድምን ከወንድም ያቀናናል፤ አባት ሲሞት ቅናቱ ይገነፍላል። ወንድምን በቅናት መክሰስ ግን ቤት ያፈርሳል። ስለዚህ ቅናቱ ከቤት ወጥቶ ርስት በሌለው ጎረቤት ላይ ይለጠፋል። በሌላ አነጋገር ገበሬው በጠይቡ ዓይን ውስጥ ያየው የገዛ ወንድሙን ዓይን ነበር።

የታመመውን ሰው የማስለፍለፍ ልማድ ይህንን በግልጽ ያሳያል። በሽተኛው በጢስ እየታጠነ ማን እንደበላው ይጠየቃል። የሚጠራው ስም የጎረቤት ስም ነው። ምስክር አይቆጠርም፤ ተከሳሹ ቃሉን አይሰጥም፤ ፍርዱ ግን ለልጅ ልጅ ይተላለፋል።

መንግሥታት ይህን ነገር ሳያውቁት አልቀሩም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጅን በሥራው መስደብን ከልክለዋል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ርስትን ራሱን ሻረ፤ የተረቱ መሠረት የነበረው ልዩነት በሕግ ፈረሰ። ተረቱ ግን አልፈረሰም። ከሰሜን ሸዋ የመጡ ባለ እጆች የሰፈሩበት የአዲስ አበባው ቀጨኔ የሸክላ ሥራው የሚወደድለትን ያህል ሐሜቱም ተከትሎታል። አዋጅ ስድብን ይከለክላል፤ ተሳዳቢው ስለ ራሱ የማያውቀውን ነገር ግን አይገልጥለትም።

እኛ የተማርነው ከዚህ ነፃ ነን እንል ይሆናል። ይሁንና በ2010 ዓ.ም. «የቀን ጅብ» የሚለው አነጋገር ከፖለቲካ መድረክ ተነሥቶ በየማኅበራዊ ሚዲያው ሲዛመት ስንቶቻችን ደነገጥን? ሰው መስሎ ቀን የሚሄድ፣ በውስጡ ግን ጅብ የሆነ ፍጡር ከዚያው ከድሮው ተረት የወጣ ነው። መጀመሪያ ለጥቂት ባለ ሥልጣናት የተባለ ቢመስልም፣ ብዙ ሳይቆይ ትግራዊ በሆነ ሰው ሁሉ ላይ የሚወረወር ስድብ ሆነ። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ሲመጣ ቃሉ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ቆይቶት ነበር። የተማረው ክፍል ጢስ አላጨሰም እንጂ፣ ማስለፍለፉንስ ከማንም በላይ ተክኖበታል።

ከእኛ የፊልም ባለሙያዎች አንዱ የመንዝን ቡዳ ወደ ቴሌቪዥን ሊያመጣው ቢነሣ፣ የእንግሊዞቹን ስሕተት እንዳይደግም እመክረዋለሁ። የጅቡን ጥርስ በማሳየት አይድከም፤ ጠይቡም ለምን ክፉ እንደሆነ ሊያስረዳን አይሞክር። ካሜራውን አባታቸውን ቀብረው ርስት ሊካፈሉ ወደ ተቀመጡት ወንድማማቾች ያዙር። አስፈሪው ታሪክ ያለው እዚያ ነው።