ከደጅ ወደ ቤት፤ በሰሜን ሸዋ የአስታማሚነት ታሪክ

በሽታ ሳይጠራ ወደ ሰው ቤት ይገባል፤ መድኀኒት ግን ፈልገው ካልኼዱለት አይመጣም። ይህን የቈየ ልማድ የለወጠው ሥራ የአስታማሚ፥ ዛሬ ነርስ የሚባለው ሰው ሥራ ነው። «ነርስ» የሚለው ስም ከላቲን ቋንቋ የተወረሰ ሲኾን ጥንተ ትርጓሜው መመገብና ማሳደግ ነው፤ በአማርኛም «አስታማሚ» ማለት ከታመመው አጠገብ ኾኖ የሚረዳ ማለት ነው። በኹለቱ ስሞች ውስጥ ያለው ምሥጢር አንድ ነው፤ ይኸውም መቅረብ ነው። ይህ መቅረብ በሰሜን ሸዋ ምን ያህል ዘመን እንደ ፈጀ የአገሩ ታሪክ ያስረዳል።

ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በዚያ ሳሉ በሰማይ ብርሃን ስለ ታየ እንደ ኾነ ዜና መዋዕላቸው ይናገራል። ይኸው ዜና መዋዕል ሌላም ነገር ጽፎአል። በከተማይቱ ታላቅ ቸነፈር ገብቶ፥ ሙታንን የሚቀብር እስኪታጣ ድረስ ሕዝቡን ፈጀ፤ ንጉሡም በሰማዕቱ ቃል ኪዳን ተማጥነው የቅዱስ ቂርቆስን ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። በዚያ ዘመን የተሐዋስያን ነገር በዓለም ኹሉ ገና አልታወቀም ነበርና፥ ንጉሡ በዘመናቸው ይቻል የነበረውን አደረጉ። ነገር ግን ለሞተው ቀባሪ ከታጣ፥ በሕይወት ላለው ድውይ ውሃ የሚያቀብል እንደ ታጣ መገመት አያዳግትም።

ከዚያ ወዲህ አራት መቶ ዓመት ገደማ ሲያልፍ የሸዋ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በአንኮበር ይገዙ ነበር። ከ1833 እስከ 1835 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ወገን የተላከው ካፒቴን ሃሪስ በሸዋ ሲቀመጥ ሐኪም አብሮት ነበር። ንጉሡ መድኀኒት እጅግ ይወዱ፥ የውጭ አገር ሰዎችንም አጥብቀው ይጠይቁ እንደ ነበር ተጓዦች ጽፈዋል። ይኹን እንጂ መድኀኒቱ ያለው በንጉሥ ደጅ ነው፤ በቆላ በንዳድ የተያዘ ገበሬ ወይም ምጥ የጸናባት እናት የአንኮበርን ዳገት መውጣት አይችሉም።

የጐደለው መድኀኒት ብቻ አልነበረም። ለዚህ ኮሶ ምሳሌ ይኾናል። ሰው ጥሬ ሥጋ ይበላል፤ ትሉ ይይዘዋል፤ በየኹለት ወሩ ገደማ የኮሶ አበባ ፈጭቶ ይጠጣና ያስወጣዋል፤ ተመልሶም ጥሬ ሥጋ ይበላል። መድኀኒቱ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ትሉ ከሰው ዐይነ ምድር ወደ ሣር፥ ከሣር ወደ ከብት፥ ከከብት ወደ ሰው እንደሚዞር የሚነግር አልነበረም። መፈወስ ነበረ፤ አስቀድሞ መጠበቅ ግን አልነበረም።

የራስ መኰንን እናት ወይዘሮ ተናኜወርቅ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ስለ ነበሩ፥ የቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ ከሣህለ ሥላሴ ሲቈጠር አራተኛ ትውልድ ናቸው። በስደት ዘመን በለንደን፥ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው በ1931 ዓ.ም. የሕፃናት ነርስ ኾኑ፤ አገር ነጻ በወጣ ጊዜም ተመልሰው በደሴ ሆስፒታል አገለገሉ። የንጉሥ ልጅ የድውይ ቍስል ስታጥብ መታየቷ፥ የአገልጋይ ሥራ ይባል የነበረውን ክብር አለበሰው። ልዕልቲቱ ከፅንስ ጋራ በተያያዘ ሕመም በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በ22 ዓመታቸው በነቀምት ዐረፉ። ነፍሰ ጡርን ሳትታመም አስቀድሞ መጎብኘት ለምን እንደሚያስፈልግ ይህ ሞት ያስተምራል።

ያን ጉብኝት ሥርዐት ያደረገው በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ነው። ጥቂት ቀደም ብሎ በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ፈጅቶ ነበርና፥ ኮሌጁ የጤና መኮንን፥ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ አንድ ላይ ያሠለጥን ዠመር። የነርሷ ድርሻ ቤት ለቤት እየዞሩ እናቶችንና ሕፃናትን ማየት፥ ስለ ምግብ፥ ስለ ውሃና ስለ ንጽሕና ማስተማር ነበር።

የዚህ መንገድ ጥቅም በፈንጣጣ ተገልጦአል። የደጋው ሕዝብ ከታማሚው መግል ወስዶ ጤነኛውን መከተብ ከጥንት ያውቅ ነበር፤ ግን ይህ አንዳንዱን ከክፉው ሲያድን በሽታውን ወደ ሌላው ያዛምት ነበር። ከ1963 ዓ.ም. ዠምሮ ከታቢዎች በእግርና በበቅሎ እየዞሩ የታመመውን በቤቱ ፈለጉት፤ ከሌላው ለይተው በዙሪያው ያሉትን ከተቡ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ የታየው በ1968 ዓ.ም. ነው።

ወደ ቤት የገባው ባለሙያ ግን ከበሽታው ጋራ ድኽነትን ያገኛል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች የብርድ አገር ናት፤ የመንዝም ሰው ከበግ ጠጕር ባና ሠርቶ ይለብሳል። ቅማል በልብስ ስፌት ተሰውሮ ተስቦንና የሚያገረሽ ትኩሳትን ከሰው ወደ ሰው ያስተላልፋል። የጥጥ ልብስ በፈላ ውሃ ይቀቀላል፤ ባና ግን ቢቀቀል ይኰማተራል፤ ስለዚህ ማንም ሳይለብሰው ኹለት ሳምንት ያህል ታስሮ ቢቀመጥ ቅማሉ ተርቦ ያልቃል። አንድ ባና ብቻ ላለው ሰው ይህ ምክር ምን ይጠቅመዋል? በዚያ ቍር ያለ ልብስ ሊያድር አይችልም። ብልህ ነርስ ይህን አይታ ባለቤቱን በቅማሉ አታሳፍርም፤ ያፈረ ሰው በሩን ይዘጋልና። አስቀድማ ከቤቱ እመቤት ጋራ ትመክራለች፤ ከዚያም ሌላ ልብስ የሚያውስ ጎረቤት ትፈልጋለች።

ዛሬ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ፥ በፕሮፌሰር ዐሥራት ወልደየስ ስም በተሰየመው የጤና ሳይንስ ግቢ፥ ነርሶች ይማራሉ፤ ከ1995 ዓ.ም. በኋላም በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመድበዋል። እውቀቱ ወደ ቤቱ ደጃፍ ደርሶአል ማለት ነው። ከደጃፉ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ግን መታመን ነው። ከነርሷ በፊት በዚያ ደጃፍ የሚገባው የንስሐ አባት ነው፤ እርሱ «ልጆቼ፥ ምክሯን ስሙ» ቢል ምክሯ ይሰማል። የከተማው ሰውም የተረፈውን ልብስ ለጎረቤቱ ቢያውስ የነርሷን ሥራ ይፈጽማል። ለሞተው ቀባሪ በታጣባት ከተማ ለሕያው ጠያቂ እንዳይታጣ ማድረግ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም።