የመስቀል ችቦና ደመራ፤ ከየደጃፉ አንድ እንጨት



የመስቀል ነገር ሲነሣ ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ክትፎው፣ ጠላውና የዘመድ መጠራራቱ ነው። ይህም ደግ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ የማነሣው ግን በዓሉ ከመድረሱ በፊት በየቤቱ ስለሚሠራው የእንጨት ሥራ ነው፤ ይኸውም ስለ ችቦው፣ ስለ ደመራው፣ በደመራው ጫፍ ላይ ስለሚቆመው በአደይ አበባ ያጌጠ መስቀል ነው። እነዚህ ባለሙያ አናጢ የሚጠበብባቸው ጌጦች አይደሉም፤ አባትና ልጅ በመጥረቢያና በልጥ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው የሚሠሯቸው ናቸው። ሆኖም እንጨቱ ከየት ይመጣ እንደ ነበረና እንዴት እንደ ተለወጠ ብንከታተል የከተማችንን ታሪክ፣ ከዚያም አልፎ የእኛኑ የዕድርተኞችን ነገር እናገኝበታለን።

በመጀመሪያ ስሙን እንመልከት። ደመራ «ደመረ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው። ጨመረ፣ አንድ ላይ አደረገ ማለት ነው። ልጆቻችን በሒሳብ ትምህርት «መደመር» የሚሉትም ያው ነው። እንግዲህ ደመራ ስሙን ያገኘው ከመንደዱ ሳይሆን ከመሰብሰቡ ነው። አንድ ሰው ብቻውን የከመረው እንጨት ክምር ይባላል እንጂ በእውነተኛ ትርጉሙ ደመራ ለመባል ይቸግራል።

የነገሩ መነሻ የታወቀ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት በ4ኛው መቶ ዓመት ንግሥት እሌኒ የጌታን መስቀል ፍለጋ ወደ ኢየሩሳሌም ወረደች። ኪራኮስ የተባለ አረጋዊ በመከራት መሠረት እንጨት አስደምራ፣ ዕጣን ጨምራበት ብታነደው ጢሱ ወደ ላይ ወጥቶ ተመልሶ መስቀሉ የተቀበረበትን ስፍራ አመለከታት። ቁፋሮውም መስከረም 17 ቀን ተጀምሮ መስቀሉ መጋቢት 10 ቀን ተገኘ ይባላል። ከዚያም የመስቀሉ ግማድ ወደ አገራችን መጥቶ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት በወሎ በግሸን አምባ እንደ ተቀመጠ ይተረካል፤ መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ማርያም የሚጎርፈው ሕዝብ ይህንኑ አስቦ ነው። በየዓመቱ በየሰፈሩ እንጨት የሚደመረውም ያንን የመጀመሪያውን ደመራ ለማስታወስ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። ደመራ የሚሠራ ሰው አንድ ትልቅ ችግር አለበት፤ እሱም ዝናቡ ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት የሚወጣው መስከረም 25 ቀን ነው። ደመራው የሚነደው ደግሞ እንደየአገሩ ልማድ መስከረም 16 ማታ ወይም መስከረም 17 ንጋት ላይ ነው። ምድሩ ገና ጭቃ፣ እንጨቱም ርጥብ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የድሮ ሰው ለመስቀል የሚያስፈልገውን እንጨት ለበዓሉ ዋዜማ አይተወውም ነበር። ቀድሞ ቆርጦ፣ ቀጭን ቀጭን አድርጎ ሰንጥቆ፣ ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ ይሰቅለዋል። እናቶች በየቀኑ የሚያነዱት እሳትና ጢስ ሲያደርቀው ይከርማል። መስቀል የዓመቱ ትልቅ በዓል በሆነበት በጉራጌ አገርም ከተማ የከረመው ሁሉ ለበዓሉ አገሩ ሲገባ ማገዶው አስቀድሞ ተፈልጦና ደርቆ ይጠብቀዋል።

ችቦ አሠራሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን ብልሃት አለው። ጭራሮው ወይም ስንጥቁ ቀጭንና ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ከታች በኩል በአንድ እጅ የሚጨበጥ ያህል ይሆንና ቁመቱ ከሰው ቁመት በለጥ ይላል። ከታች እስከ ላይ በየክንዱ በልጥ ይታሰራል። የታችኛው ማሠሪያ ጠበቅ፣ የላይኛው ላላ ይላል፤ ጫፉ ላይ ከጠበቀ አየር ስለማይገባው ይጨሳል እንጂ አይነድም። ለልጆች አነስ ያለ ይታሰርላቸዋል። ደመራው ደግሞ መኻሉ ላይ አንድ ረጅም ምሰሶ ይተከልና ዙሪያውን ሌሎች እንጨቶች ጫፋቸውን ወደ ምሰሶው አስጠግተው ይቆማሉ። በሥሩ ደረቅ ጭራሮ ይጠቀጠቃል። በምሰሶው አናት ላይ ከሁለት ቅርንጫፎች የተሠራ መስቀል ይታሰርና አደይ አበባ ይደረግበታል። አደይ የምትፈነዳው በመስከረም መሆኑም ነገሩን የተስማማ አድርጎታል፤ ለዚህ ጌጥ ገንዘብ የሚወጣበት ነገር የለም። ካህናቱ ጸሎት አድርሰው ደመራው ከተዞረ በኋላ ይለኮሳል። ምሰሶው በየት በኩል እንደሚወድቅ ሽማግሌዎች ልብ ብለው ያያሉ፤ የዓመቱን ነገር ይናገራል የሚሉ አሉና። በማግስቱ ከአመዱ ግንባር ላይ የመስቀል ምልክት ይደረጋል።

እንጨቱስ ከየት ይመጣ ነበር? አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በእንጦጦና በዙሪያው የነበረው የአገር ዛፍ ጥድ፣ ወይራና የመሳሰለው ነበር። ከተማው ሲሰፋ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ይኸው ዛፍ ተጨፈጨፈ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ የእንጨቱ ነገር እጅግ ከመክፋቱ የተነሣ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ሥራም አስጀምረው ነበር። ከተማዋን ካዳኗት ነገሮች አንዱ በ1880ዎቹ ማብቂያ ከውጭ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆርጡትም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ንጉሡም ሰው እንዲተክለው አበረታቱ። በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ከተማዋ በባሕር ዛፍ ተሸፈነች።

ስለዚህ ዛሬ «የጥንት የአባቶቻችን ባህል» ብለን የምንይዘው የአዲስ አበባ ችቦ እንጨቱ ከውጭ የመጣ ነው። ቀጥ ማለቱ፣ ቅጠሉም ዘይት ስላለው ርጥብ እያለ እንኳ ቶሎ መቀጣጠሉ ለደመራ ተመቸ። ልማዱ ሳይጠፋ እንጨቱ ተለወጠ ማለት ነው። ይህን የምለው ባህሉን ለማሳነስ አይደለም። ባህሉ የጸናው በእንጨቱ ዓይነት እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። የጸናበት ምክንያት ከየቤቱ አንድ አንድ እየወጣ መደመሩ ነው። ጥድ ያለው ጥድ፣ ባሕር ዛፍ ያለው ባሕር ዛፍ፣ ምንም የሌለው ደግሞ አንድ እፍኝ ጭራሮ ያመጣ ነበር። ማን ብዙ አመጣ ማን ጥቂት ተብሎ አይቆጠርም።

ወገኖቼ፣ ዕድርስ ከዚህ ይለያል እንዴ? ወርኀዊ መዋጮአችን አንዱን ብቻውን ቢያዩት ትንሽ ነው። ሲደመር ግን ድንኳን ይሆናል፣ አግዳሚ ይሆናል፣ ድስት ይሆናል፣ ሐዘንተኛን ያነሣል። በዕድራችን ውስጥ ክርስቲያንም ሙስሊምም አለ፤ ደመራው የክርስቲያኑ በዓል ቢሆንም መዋጮውን፣ ድንኳኑንና ቀብሩን አብረን እንደምናደርግ ሁሉም ያውቃል። ደመራ በዓመት አንድ ቀን የሚያሳየንን ዕድር በየወሩ ይሠራዋል።

እንግዲህ የሚያሳስበኝን ልናገር። ዛሬ በመስቀል ሰሞን በየመንገዱ ዳር የታሠረ ችቦ ተደርድሮ ይሸጣል። ከዚያ ጀርባ ከእንጦጦ ጀምሮ እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችና እኅቶች ድካም አለ፤ ስለዚህ መግዛቱን የሚነቅፍ አንደበት የለኝም። ነገር ግን ልጆቻችን ችቦ የሚገዛ ነገር ብቻ መስሏቸው እያደጉ ነው። በሌላ በኩል ከ1990ዎቹ ማብቂያ ወዲህ ብዙ ሰው ኮንዶሚኒየም ገባ፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማት ምክንያት የቆዩ ሰፈሮች ተነሥተው ነዋሪው ወደየዳርቻው ሄደ። ቆጥ የለ፣ ምድጃ የለ፣ ግቢ የለ። አጠገብ ለአጠገብ የነበሩ ቤተሰቦች ዛሬ የሚገናኙት የዕድሩ መልእክት ሲደርሳቸው ብቻ ነው፤ እሱም የሞት ወሬ ይዞ ነው የሚመጣው።

በ2006 ዓ.ም. የመስቀል በዓል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ታላቁ ደመራ በመስቀል አደባባይ መንግሥትና ቤተ ክህነት እያሉ አይቀርም፤ ያ አደባባይ በደርግ ጊዜ አብዮት አደባባይ ተብሎ እንኳ ስሙ ተመልሶለታል። የሚያሰጋው የሰፈር ደመራ ነው። እሱን የሚመዘግበው መሥሪያ ቤት የለም። የሰፈር ሰው ከተወው እዚያው ይቀራል።

ስለዚህ ለዕድራችን ዳኛና ለኮሚቴው ይህን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በሐምሌ ወር ስብሰባ ላይ የሰፈር ደመራ ጉዳይ ይነሣ። ርቀው የሄዱ አባሎቻችንም በዚያን ቀን ማታ እንዲመጡ ይነገራቸው፤ ለቀብር ብቻ አንጠራቸው። ሁለተኛ፣ ከየቤቱ አንድ ችቦ ይምጣ፤ ቢቻል ልጆች ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተቀምጠው የሠሩት ይሁን። ነሐሴ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለዚህ ይበቃል፤ የታሠረውም እስከ መስከረም በዕድሩ ዕቃ ቤት ይሰንብት። ሦስተኛ፣ ጥድና ወይራ አይቆረጥ። የቀረው ጥቂት ነው፤ ባሕር ዛፉ ይበቃናል። አራተኛ፣ ደመራው ከመብራት ሽቦና ከድንኳን ራቅ ብሎ ይተከል፤ ሁለት በርሜል ውኃም አጠገቡ ይቀመጥ። አምስተኛ፣ የተረፈው እንጨት ዕቃ ቤታችን ገብቶ ሐዘን ለገጠመው ቤት ለወጥና ለቡና ማፍያ ይዋል። ለደስታ የተደመረው ለሐዘንም ቢተርፍ ነውር የለበትም፤ ዕድርም የተቋቋመው ለዚሁ ነው።

ወጪው አንድ ምሰሶና ጥቂት ልጥ ነው። ሌላው ከየደጃፋችን ይወጣል።

ለከርሞው መስቀል በሰላም ያድርሰን።