መንትዮቹ፤ ከፍተኛ ቮልትና ኤሌክትሪካዊ ረብሻ

ከባትሪ በሚገኝ ጥቂት ቮልት ብዙ ሺህ ቮልት ማፍለቅ የተቻለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ነው። ያንኑ ቮልት ከረብሻ የጸዳ ማድረግ ግን ከ150 ዓመት በላይ ፈጅቷል። ምክንያቱም ቮልቱና ረብሻው ከአንድ ማኅፀን የወጡ መንትዮች ናቸው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደሚታወቀው፣ በሽቦ ጥቅል ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ መግነጢሳዊ ኃይል ይከማቻል። ጉዞው በድንገት ሲቋረጥ ጥቅሉ ለውጡን ይቃወማል፤ ተቃውሞውም ከባትሪው እጅግ የበለጠ ቮልት ሆኖ በጫፎቹ ላይ ይገለጻል። ማቋረጡ በፈጠነ መጠን ቮልቱ ከፍ ይላል። አሜሪካዊው ጆሴፍ ሄንሪ ረጅም ሽቦ ከባትሪ ሲለያይ የሚታየውን ብርቱ ብልጭታ በ1832 በጽሑፍ አስታወቀ። በ1836 የአየርላንዱ ቄስና መምህር ኒኮላስ ካለን በአንድ የብረት እምብርት ላይ ሁለት ጥቅል ጠምጥሞ ቮልቱን በብዙ እጥፍ አሳደገ። ይሁን እንጂ ዝናው ለካለን አልደረሰም። መሣሪያውን በፓሪስ አሻሽሎ ለገበያ ያቀረበው ሃይንሪሽ ሩምኮርፍ በ1864 ከናፖሊዮን 3ኛ የ50,000 ፍራንክ ሽልማት ተቀበለ።

በዚህ መሣሪያ ላይ በማቋረጫው የሚነሳው ብልጭታ መገናኛውን ያቃጥል፣ ማቋረጡንም ያዘገይ ነበር። ፈረንሳዊው ኢፖሊት ፊዞ በ1853 ከማቋረጫው ጎን ኮንደንሰር እንዲገባ አደረገ። ዛሬ በትራንዚስተር ጎን የሚቀመጡት ኮንደንሰርና ሬዚስተር የዚያ አሳብ ልጆች ናቸው።

በ1887 በካርልስሩሄ ሃይንሪሽ ኸርትስ በዚሁ ዓይነት ጥቅል ብልጭታ ሲፈጥር፣ ራቅ ብሎ በተቀመጠ የሽቦ ቀለበት ክፍተት ላይ ሌላ ትንሽ ብልጭታ ታየ። የኤሌክትሮማግኔት ሞገድ መኖር በሙከራ ተረጋገጠ። ለፊዚክስ ታላቅ ግኝት የሆነው ይኸው ሞገድ ለኃይል ምንጭ ነዳፊ ግን ረብሻ ነው።

ትራንዚስተር የማቋረጫውን ቦታ ሲወስድ ማብራት ማጥፋቱ በሴኮንድ አሥር ሺዎች ጊዜ ሆነ፤ ጥቅሉም አነሰ። ማብሪያው ከዘጠኝ አሥረኛው ጊዜ በላይ ሳይዘጋ፣ በስሌት 12 ቮልት 120 ይሆናል። ከዚያ በላይ ሲፈለግ በሽቦውና በዲዮዱ የሚባክነው ኃይል ስለሚበዛ ትራንስፎርመር ይጨመራል። እጅግ ደካማ ብርሃን የሚለካው የፎቶመልቲፕላየር ቱቦ 1,000 ቮልት ገደማ ይሻል፤ በቮልቱ ላይ ያለ ረብሻ ሁሉ ከሚለካው ምልክት ጋር ይደባለቃል።

ረብሻውን በማጣሪያ ብቻ ማስወገድ አይበቃም። የፈጠነው ለውጥ በጥቅሎች መካከልና በአየር በኩል ማጣሪያውን ዘሎ ያልፋልና። ስለሆነም መድኃኒቱ ከምንጩ ነው። የሊኒያር ቴክኖሎጂ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ጂም ዊልያምስ በ1997 ባወጣው ጽሑፍ የማብራት ማጥፋቱን ፍጥነት በመግታት ረብሻውን ወደ 100 ማይክሮቮልት ማውረድ እንደሚቻል አሳየ። በ2008 ደግሞ ያንኑ ጸጥታ በ1,000 ቮልት ላይ አቀረበ፤ ይኸውም ከአሥር ሚሊዮን አንድ እጅ ነው።

ጸጥታው ግን ያለ ዋጋ አልተገኘም። ቀስ ብሎ የሚቋረጥ ትራንዚስተር ቮልቱንና ጅረቱን ለጥቂት ጊዜ በአንድነት ስለሚሸከም ይሞቃል። ፊዞ ማቋረጡን ለማፍጠን ደከመ፤ ዊልያምስ ለማዘግየት። ነዳፊው ዛሬም በሁለቱ መካከል ይመርጣል፤ ጸጥታ የሚገዛው በሙቀት ነው።