ከማመልከቻው ቅጽ ጀርባ ያለው ታሪክ

ማኅበራችን ለወረዳችን የንጹህ ውሃ ሥራ ከለጋሽ ድርጅቶች ገንዘብ ለመጠየቅ እየተዘጋጀ ነው። ረቂቁን ከሚጽፉት አንዱ ስለሆንኩ አንድ ቅሬታ ደጋግሜ እሰማለሁ፦ «እኛ የምንፈልገው ጉድጓድ ነው፤ ይህን ሁሉ ወረቀት የሚያስሞሉን ለምንድን ነው?» ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ በአብዛኛው ያለው በአንድ ዓመት ታሪክ ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1969።

የካርኔጊ ኮርፖሬሽን በ1911፣ የሮክፌለር ፋውንዴሽን ደግሞ በ1913 ሲቋቋሙ ገንዘቡ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስኑት ባለሀብቱና የመረጣቸው የቦርድ አባላት ነበሩ። ጥርጣሬው ከኮንግረስ መጣ። ፋውንዴሽን የግብር መሸሻ ሆኗል የሚለው ክርክር በ1960ዎቹ እየተጋጋለ ሄዶ፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ዲሴምበር 30 ቀን 1969 የታክስ ማሻሻያ ሕጉን ፈረሙ። ሕጉ የግል ፋውንዴሽኖች በየዓመቱ የተወሰነ ገንዘብ እንዲያወጡ አስገደደ፤ መጠኑ ዛሬ ከሀብታቸው 5 በመቶ ገደማ ነው። የመከታተል ግዴታም ጣለባቸው። በአሜሪካ ሕግ በበጎ አድራጎትነት ላልታወቀ ድርጅት ሲሰጡ ስለ ተቀባዩ አስቀድመው ማጣራት፣ የጽሑፍ ውል መፈራረምና ገንዘቡ የት እንደዋለ ሪፖርት መቀበል አለባቸው። ካላደረጉ የቅጣት ግብር ይከፍላሉ። ከሁሉ በፊት «ፋይቭ ኦ ዋን ሲ ስሪ» የምንለውን ደብዳቤ የሚጠይቁን አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከንቀት የመጣ አይመስለኝም።

በዚያው ዓመት ሌላ ነገር ተወለደ። የአሜሪካ የልማት ድርጅት (ዩኤስኤይድ) ፕሮጀክቶቹ ለምን ለመገምገም እንዳስቸገሩ እንዲያጠኑለት አማካሪዎች ቀጠረ፤ ከእነዚህ መካከል ሊዮን ሮዘንበርግ ይገኝ ነበር። ያገኙት ችግር ሦስት ነው። ዕቅዱ ድፍን ያለ ነው፤ ዓላማው ብዙ፣ ከሥራው ጋር ያለው ግንኙነት ግን አይታይም። ሥራ አስኪያጁ በእጁ ያልሆነ ነገር ስለሚበዛ ለውጤቱ ኃላፊነት መውሰድ ይፈራል። የታሰበው ነገር በግልጽ ስላልተጻፈ ግምገማው ሲደርስ ጭቅጭቅ ይሆናል።

መፍትሔ ብለው ያመጡት አራት ረድፍና አራት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ፣ ዛሬ ሎግፍሬም የምንለው ነው። ረድፎቹ ከታች ወደ ላይ ግብዓት፣ ውጤት፣ ዓላማና ግብ ናቸው። ዓምዶቹ ደግሞ የሚሠራውን፣ መለኪያውን፣ ማረጋገጫውንና ታሳቢዎቹን ይይዛሉ። በእኔ አስተያየት የሠንጠረዡ ነፍስ ያለው በአራተኛው ዓምድ ነው። ፓምፕ ከተተከለ ውሃ ይወጣል፤ ይህ በእጃችን ነው። ውሃው ከወጣ እናቶች ከወንዝ መቅዳት ይተዋሉ፣ የሕፃናት ተቅማጥም ይቀንሳል የምንለው ግን ፓምፑ ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው ካለ፣ መለዋወጫው ከተገኘ፣ ነዋሪው የውሃ ክፍያ ካዋጣ ነው። እነዚህ «ከ...» የምንላቸው ነገሮች ናቸው አራተኛው ዓምድ። የተፈጠረውም ለሥራ አስኪያጁ ነበር፤ «ይህ የእኔ ኃላፊነት ነው፣ ያኛው ከእኔ ውጭ ነው» ብሎ በጊዜው እንዲናገር።

ሠንጠረዡ ብዙ ተጓዘ። በ1980ዎቹ የጀርመኑ ጂቲዜድ ባለጉዳዮችን አንድ ክፍል ሰብስቦ ችግሮቻቸውን በካርድ ጽፈው ግድግዳ ላይ እንዲለጥፉ የሚያደርግበትን ዘዴ ጨመረበት፤ የአውሮፓ ኮሚሽንም በ1992 ተቀበለው። ሲሰራጭ ግን አንድ በሽታ ያዘው። ብዙ ድርጅት ፕሮጀክቱን አስቀድሞ ይወስንና ሠንጠረዡን በመጨረሻው ሌሊት ከሌላ ፕሮፖዛል ገልብጦ ይሞላዋል። አራተኛው ዓምድ ላይ «ሰላም ይሰፍናል» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው።

ሀገር ቤትም ሕጉ የራሱ ታሪክ አለው። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ለአስተዳደር የሚውለው ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ደነገገ። ለፕሮጀክት ክትትል የሚወጣ የመኪናና የነዳጅ ወጪ ሳይቀር በአስተዳደር ውስጥ ይቆጠራል የሚል ብዙ እሮሮ አስነስቶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ቢያወርደውም፣ የአስተዳደር ወጪ የሚባለው ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር ያልተያያዘው እንደሆነ ለይቶ አስቀመጠ። በጀታችንን ስንከፋፍል ይህን መርሳት የለብንም።

«አባቶቻችን ያለ ሎግፍሬም መንገድ ሠርተዋል» የሚሉኝም አሉ። እውነት ነው። በ1950ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) የጉራጌ ተወላጆች ማኅበር አቋቁመው፣ ገንዘብ አዋጥተው ከአለምገና ወደ ሶዶ የሚወስደውን መንገድ ለማሠራት ተነስተዋል። ለእነሱ ግን መንገዱ ዘመድ ጥየቃ የሚሄዱበት ነበር፤ መድረስ አለመድረሱን በዓይናቸው ያዩታል። እኛ የምንኖረው ዋሽንግተን፣ ስቶክሆልም፣ ዱባይ ነው። ለጋሹ ብቻ ሳይሆን እኛም ጉድጓዱን አናየውም፤ ወረቀቱ ለሁላችንም የዓይን ምትክ ነው።

ለዚህ ነው አብነት ፕሮፖዛል ገዝተን ስም እንቀይር የሚለውን ሐሳብ የተቃወምኩት። በአሁኑ ረቂቅ አራተኛው ዓምድ ላይ መልስ ያላገኙ ሦስት ጥያቄዎች ተጽፈዋል፦ የፓምፑ መለዋወጫ የሚገኘው ከየትኛው ከተማ ነው? የቀበሌው የውሃ ኮሚቴ የባንክ ደብተር አለው ወይ? በበጋ የጉድጓዶቹ ውሃ ምን ያህል ይወርዳል? ዘንድሮ ለመስቀል ወይም ለገና ሀገር ቤት የምትሄዱ ካላችሁ እነዚህን ጠይቃችሁልን ኑ፤ ማመልከቻው የሚላከው ከዚያ በኋላ ነው።