የጠይም ፊትና የካሜራ ሚዛን

ፎቶ ማንሳት ለመማር የሚነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ መሣሪያው ነው፤ የትኛው ካሜራ ይሻላል፣ ምን ዓይነት ሌንስ ልግዛ፣ ስንት ሜጋፒክስል ይበቃል። የብርሃኑ ጉዳይ ግን ለካሜራው ይተዋል። መሣሪያው ራሱ ለክቶና አስልቶ ትክክለኛውን መጠን ይሰጣል ተብሎ ይታመናልና። ይህ እምነት የካሜራን ታሪክ ካለማወቅ የመጣ ነው እላለሁ። ካሜራ «ትክክል» የሚለውን መጠን በየዘመኑ የወሰኑት ሰዎች ናቸው፤ ሲወስኑም ለረጅም ጊዜ በሐሳባቸው የነበረው የነጭ ሰው ፊት ነው። ጠይምና ጥቁር ፊትን አሳምረው ያነሱ ባለሙያዎች ደግሞ ዘመናቸውና አገራቸው ቢለያይም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፦ ውሳኔውን ለመሣሪያው አልተዉለትም። ዲጂታል ካሜራ ይህን ሥራ አቀለለው እንጂ አላስቀረውም።

ነገሩ የሚጀምረው ከኬሚስትሪ ነው። በ1868 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የመሐንዲሶች ክፍሉ ፎቶ አንሺዎችን ይዞ ነበር። ያን ጊዜ የሚሠራበት ዘዴ እርጥብ ኮሎዲዮን ይባላል፤ መስተዋት ኬሚካል ይቀባና ሳይደርቅ ካሜራው ውስጥ ይገባል፣ ሳይደርቅም ይታጠባል። ይህ ኬሚካል የሚሰማው ሰማያዊውን ብርሃንና ዓይናችን የማያየውን ከወይን ጠጅ በላይ ያለውን ጨረር ነው፤ ለቀይ ብርሃን ግን ደንታ የለውም። ስለዚህ ሰማዩ ደመናው ጠፍቶ ወና ነጭ ይሆናል። ቡናማ ቆዳ የሚመልሰው ብርሃን ወደ ቀይ ያደላ በመሆኑ ደግሞ ፊት በዓይን ከሚታየው አብዝቶ ይጠቁራል። ያ ፊት ነጭ ሸማ ከደረበ ችግሩ እጥፍ ነው፤ ሸማው በብርሃን ሞልቶ ሲያበቃ ፊቱ ላይ ገና ምንም አልተጻፈም። በዚያ ዘመን ፎቶዎች ላይ የምናያቸው ጥላ የመሰሉ ፊቶች ስለ ሰዎቹ መልክ ሳይሆን ስለ መስተዋቱ ኬሚካል ነው የሚመሰክሩት። ይህን ሳያውቁ ፎቶዎቹን እንደ ታማኝ ማስረጃ ማንበብ አያቶቻችንን መበደል ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ቮግል ያገኘው ማቅለሚያ ከ1873 ጀምሮ ኬሚካሉን ለአረንጓዴና ለቢጫ ብርሃን ስሜት ሰጠው፤ ቀዩንም የሚያይ ሳህን በ1906 ለገበያ ቀረበ።

እዚህ ላይ የሚነሳ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ጥቁር ነገር የሚመልሰው ብርሃን አነስተኛ ነው፤ ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው፣ ማንም ማንን አልበደለም የሚል። ግማሹ እውነት ነው። ቀይን የማያይ ኬሚካል ሆን ብሎ የፈጠረ ሰው የለም። ነገር ግን ተፈጥሮ ብቻውን ቢወስን ኖሮ በዚያው ዘመን በዚያው ዓይነት ኬሚካል የተነሱ የጥቁር ሰው ፎቶዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነው በወጡ ነበር። አልሆነም። ከባርነት አምልጦ ታላቅ ተናጋሪ የሆነው ፍሬድሪክ ዳግላስ በ19ኛው መቶ ዘመን ከማንኛውም አሜሪካዊ በላይ ፎቶ የተነሳ ሰው እንደሆነ አጥኚዎች ይናገራሉ፤ 160 ያህል ለየቅል የሆኑ ምስሎቹ ተቆጥረዋል። በብዙዎቹ ላይ የግንባሩ መስመርና የጉንጩ አጥንት ጥርት ብሎ ይነበባል። እንዲነበብ የተፈለገ ፊት ነበርና ብርሃኑም ጊዜውም ለእርሱ ተመጥኖ ተሰጠ። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም መቅደላ በወደቀበት ዓመት፣ ገና በ7 ዓመቱ፣ በእንግሊዝ ዋይት ደሴት በፎቶ አንሺዋ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፊት ሲቀመጥ ያነሳችው በዚያው እርጥብ መስተዋት ነው። ካሜሮን ሌንሷን ለብዙ ሰከንድ ከፍታ የመተው ልማድ ነበራትና የልጁ ፊት ጥላ ሆኖ አልቀረም። ልዩነቱን ያመጣው ጊዜ ነው፤ ጊዜውን የሚሰጠው ደግሞ ሰው ነው።

ደንበኞቻቸው ራሳቸው ጠይምና ጥቁር በሆኑባቸው ፎቶ ቤቶችም ይኸው ይታያል። በአዲስ አበባ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለቤተ መንግሥቱ የሠሩት አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያንና ከእርሳቸው በኋላ ልጆቻቸው እንጀራቸው የተመሠረተው በእነዚህ ፊቶች ላይ ነበር። በማሊ ዋና ከተማ ባማኮ ውስጥ በ1948 ፎቶ ቤት የከፈተው ሰይዱ ኬይታ አብዛኛውን ሥራውን ግቢው ውስጥ በቀን ብርሃን ይሠራ ነበር፤ ፊልም ውድ ስለሆነም ለአንድ ደንበኛ በአብዛኛው የሚያነሳው አንዴ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያነሳ ሰው ለመሳሳት ቦታ የለውም። የጥቁሩ ቆዳ ወዝና የልብሱ ጥልፍ በአንድ ምስል ላይ አብረው የሚታዩት ብርሃኑን አስቀድሞ በዓይኑ ስለመዘነው ነው።

የቀለም ፊልም ሲመጣ ግን «የተፈጥሮ ሕግ ነው» የሚለው መከራከሪያ ጨርሶ አይሠራም፤ ምክንያቱም የቀለም ሚዛን ምርጫ ነው። የፊልም አምራቹ ኮዳክ ለማጠቢያና ለማተሚያ ቤቶች የሚልከው መለኪያ ካርድ ነበረው። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት፤ መጀመሪያ በካርዱ ላይ በወጣችው የኩባንያው ሠራተኛ ስም «ሸርሊ» ተባለ። አታሚው ማሽኑን የሚያስተካክለው የእርሷ ቆዳ አምሮ እስኪወጣ ድረስ ነው፤ የሌላው ሰው ቆዳ እንደ ዕድሉ ይወጣል። ነጭና ጥቁር ተማሪዎች አብረው በተነሱበት የክፍል ፎቶ ላይ የጥቁሩ ልጅ ጥርስና ዓይን ብቻ ይቀራል። የካናዳዋ አጥኚ ሎርና ሮዝ በ2009 ባሳተመችው ጥናት እንዳሳየችው ኮዳክ የፊልሙን የቡናማ አወጣጥ ለማሻሻል የተነሳሳው በወላጆች አቤቱታ ሳይሆን በሁለት ዓይነት ነጋዴዎች ግፊት ነው፦ የእንጨት ዕቃ ሻጮች የዋንዛና የጥድ ዓይነት ልዩነት በማስታወቂያቸው አልታይ ስላላቸው፣ የቸኮሌት አምራቾችም ጥቁሩና የወተቱ ቸኮሌት ስለተመሳሰለባቸው። ለወንበር ሲባል የተቻለው ለልጅ ፊት ሲባል አልተሞከረም ነበር። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገኝም። የተለያየ ቆዳ ያላቸው ሴቶች አብረው የወጡበት ካርድ የመጣው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው።

ካሜራው ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያም የራሱ ግምት አለው። የሚያየው ነገር ሁሉ ሲደመር መካከለኛ ግራጫ ይሆናል ብሎ ያስባል፤ ባለሙያዎች የሚይዙት ግራጫ ካርድ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶውን እንዲመልስ የተሠራው ለዚህ ነው። ጃንሜዳ በጥምቀት ቀን አንዲት ጠይም ሴት ነጠላዋን ተከናንባ ቆማለች እንበል። ነጠላው ምስሉን ሲሞላው ካሜራው «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ፊቷም አብሮ ይጠቁራል። ያቺው ሴት በጨለማ ቅኔ ማሕሌት በር ላይ ስትቆም ደግሞ ካሜራው ጨለማውን አይቶ ብርሃን ይጨምራል፤ ፊቷ ከልኩ በላይ ይነጣል፣ የነጠላው ሽመናና የጥለቱ ክር በብርሃን ተውጦ ይጠፋል። ሴቲቱ አንድ፣ ቆዳዋም አንድ፤ ሁለቱም ጊዜ ግን መለኪያው ሳታት። ፎቶ አንሺዎቹ አንሰል አዳምስና ፍሬድ አርቸር በ1940 ገደማ ሎስ አንጀለስ ላይ ያደራጁት የደረጃ ዘዴ መፍትሔውን ይዟል። ፊቷን ብቻ ለይቶ መለካት፣ ከዚያ ያ ፊት ከግራጫው በላይ ወይስ በታች መሆን እንዳለበት ራስን መጠየቅ። የነጭ ሰው ፊት ከግራጫው አንድ ስቶፕ (ማለትም በብርሃን መጠን እጥፍ) ከፍ ይላል፤ ጠይም ፊት እዚያው ግራጫው አካባቢ ያርፋል፤ በጣም የጠቆረ ፊት አንድ ስቶፕ ወይም ከዚያ በላይ ዝቅ ይላል። ጠይሟን ሴት ከፀሐይ ወደ ጥላ ፈቀቅ ማድረግም በፊቷና በነጠላዋ መካከል ያለውን ርቀት ያጠብበዋል፤ ነጠላው ራሱ ከታች ወደ አገጯ ብርሃን ይመልስላታል።

ዛሬ ግን ስልኩ ፊት ለይቶ ብርሃኑን ለፊቱ ያስተካክላል፣ ይህ ሁሉ ድካም ለምን የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መሻሻሉም እውነት ነው፤ ጉግል በ2021 ለጠቆረ ቆዳ የተለየ ማስተካከያ ይዞ የወጣው ቅሬታው ሰሚ ስላገኘ ነው። ነገር ግን ፊት የሚለይ ማሽን ፊት የተማረው ከተሰጡት ምስሎች ነው። ተመራማሪዎቹ ጆይ ቡኦላምዊኒና አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ በ2018 ፊት አይተው ጾታ የሚለዩ የሦስት ኩባንያዎች ፕሮግራሞችን ሲፈትሹ፣ በነጣ ቆዳ ወንዶች ላይ ስሕተቱ ከ0.8 በመቶ ሳይበልጥ በጠቆሩ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ደርሶ አገኙት። የሸርሊ ካርድ ቢጣልም ልማዱ መልኩን ቀይሮ ቀጥሏል ማለት ነው።

«በኋላ በኮምፒውተር ይስተካከላል» ማለትም ሩቅ አያስኬድም። የዲጂታል ሴንሰር የብርሃን እርከኖቹን እኩል አያካፍልም። 16,384 እርከን ካለው ፋይል ውስጥ ግማሹን፣ 8,192ቱን፣ በጣም የበራው አንድ ስቶፕ ብቻውን ይወስደዋል፤ ከላይ አምስተኛው ስቶፕ ላይ ለወደቀ ፊት የሚደርሰው 512 ነው። ያንን ፊት በኋላ ጎትቶ ማብራት በጥላው የተደበቀውን ነጠብጣብም አብሮ ያወጣዋል። በሌላ በኩል ተቃጥሎ የነጣ ጥለት በምንም ፕሮግራም አይመለስም።

አንድ ስጋት ደግሞ ከወዲህኛው ወገን ይመጣል፤ ይህ ሁሉ ጥረት ጥቁሩን ፊት ለማንጣት አይሆንም ወይ? ከሆነ ያው ሸርሊ በሌላ በር ገባች ማለት ነው፤ ብዙ የሠርግ ፎቶም በዚህ ተበላሽቷል። በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ከኃይሌ ገሪማ የተማረው የፊልም ቀራጭ ብራድፎርድ ያንግ የሄደው በሌላ መንገድ ነው። «ሰልማ» የተባለውን ፊልም ሲቀርጽ የተዋናዮቹን ፊት አላነጣም፤ ጥቁር እንደሆነ ተወው፣ ቅርጹ ግን እንዳይጠፋ አደረገ። ነጭ ፊትን የሚቀርጸው የጥላው ወሰን ነው፤ ጥቁር ፊትን ይበልጥ የሚቀርጸው ከቆዳው ወዝ ላይ የሚንጸባረቀው ብርሃን ነው። ስለዚህ ለጥቁር ፊት የብርሃኑን መጠን ከመጨመር ይልቅ ምንጩን ማስፋት ያዋጣል፦ ሰፊ መስኮት፣ በነጭ ጨርቅ የተጋረደ መብራት፣ በጎን በኩል የቆመ የተቀባ ግድግዳ። ነጸብራቁ በግንባርና በጉንጭ ላይ ሰፍቶ ሲያርፍ ፊቱ አንድ ስቶፕ እንኳ ሳይነጣ ይነበባል።